ነቢዩ ያልነዳው ሞተር

ቅዳሜ ጠዋት ውብነሽ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ባሏ ነቢዩ ለባብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ስድስት ቀን በተከታታይ ሺፍት ገብታ የወጣችው ትናንት ነው። ወገቧ የሷ አልመስል ብሏታል። ክንዷን ከብርድ ልብሱ ማውጣት እንኳ ትልቅ ሥራ ሆኖባት ትንሽ ቆየች።

«እሌኒ ደውላ ነበር» አለ ነቢዩ። «ሞተሩን ጭናው መንገድ ጀምራለች።»

«እሺ።»

«ሻይ አፍልቼልሻለሁ።»

«እሺ አልኩህ እኮ ነቢዩ።»

ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ ሰምታዋለች። ከሰማችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ስለዚህ ተነሳች።

ነቢዩ ትራያል የሚባለውን የሞተር ስፖርት የጀመረው ካናዳ፣ ካልጋሪ በመጣ በአራተኛው ዓመት ነው፤ የጭነት መኪና አብሮት የሚነዳ አንድ ሰው ወስዶ አሳየውና በዚያው ቀረ። የትራያል ሞተር እንደሌላው ሞተር አይደለም። መቀመጫ የለውም፤ የሚነዳው ቆሞ ነው። ፍጥነትም የለበትም። ነጂው በድንጋይ ላይ፣ በወደቀ ግንድ ላይ፣ በገደል ጥግ፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ብዙም ሳይፈጥን ያልፋል። እግሩን መሬት ካስነካ ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ብዙ የተቆጠረበት ተሸነፈ ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ሚዛን መጠበቅ ነው። ነቢዩ ይህ ተሰጥቶት ነበር። በረዶ ቀልጦ አዳዲስ ሞተሮች ሲመጡ የትራያል ክለቡ መጀመሪያ የሚያስነዳው እሱን ነበር፤ እሱም ምን እንደተሰማው በክለቡ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። ሰባት ዓመት ጽፏል።

ዓምና ከግራ ጆሮው ጀርባ፣ ሚዛን የሚጠብቀው ነርቭ ላይ ዕጢ ተገኘበት። ካንሰር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ጾሞ ጸለየለት፤ ሐኪሞቹም ዕጢውን አወጡት። ነርቩ ግን አብሮ ሄደ። አሁን በግራ ጆሮው አይሰማም። ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፤ ዓይኑን ከጨፈነ ወይም ድንገት ዞር ካለ ግን ይወድቃል። የጭነት መኪናውን ትቶ ሳድል ሪጅ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሆኖ በስልክ ሾፌሮችን ያሰማራል። የሞተሩም ነገር በዚያው አበቃ።

ዘንድሮ ደግሞ ሞተሩን የሚሠራው ፋብሪካ ለአሥር ዓመት ያልነካውን ሞዴል ሁሉን ከሚሸከመው ብረት፣ ከቴላዮው ጀምሮ አፍርሶ እንደገና ሠራው። ነቢዩ ወሬውን የሰማው ክረምቱ መሀል ላይ ነው። በኢንተርኔት የወጣውን ሁሉ አነበበ፣ ሥዕሉን እያጎላ አየ። ከሁለት ሳምንት በፊት እራት ላይ «አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ» አላት።

ውብነሽ መንዳት ታውቃለች። ከአምስት ዓመት በፊት መኪና ውስጥ ተቀምጦ እሱን መጠበቅ ሲሰለቻት ነው አሮጌው ሞተሩ ላይ የወጣችው። ውድድር ገብታ አታውቅም፤ መጠነኛ ድንጋይ ግን ታልፋለች። እሺ ያለችው እምቢ ለማለት ጉልበት ስላልነበራት ነው።

እሌኒ ፒክአፗን በር ላይ አቁማ ክላክስ ሳታደርግ ጠበቀቻቸው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሞተሩ የሚሸጥበት ሱቅ መካኒክ ናት፤ እሑድ ደግሞ ከውብነሽ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ ትቆማለች።

«እትዬ ውብነሽ፣ ፊትዎ ደክሟል» አለቻት ገና ስታያት።

«ፊቴ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ሃይዌይ ቱን ይዘው ወደ ኤርድሪ ከተማ ወጡ። ነቢዩ ፊት፣ በሚሰማው ጆሮው በኩል እሌኒ እንድትሆንለት አንገቱን አጣሞ፣ ስለ ቴላዮው፣ ስለ ኤንጅኑ፣ ስለ ክብደቱ ሲያወራ ውብነሽ ከኋላ መስኮቱን ተደግፋ አንዴ ትሰማለች አንዴ ትስታለች። ኤርድሪን አልፈው በጥርጊያ መንገድ ጥቂት እንደሄዱ፣ ክለቡ የሚለማመድበት የድሮ ጠጠር ማውጫ ደረሱ። ግንቦት ነው፤ ጥላ በሚውልበት በኩል የቆሸሸ በረዶ አሁንም አለ። ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ አፍና ዓይን ውስጥ አቧራ ይሞጅራል።

እሌኒ ሞተሩን በሳንቃ ላይ አንሸራታ አወረደችው። ነቢዩ አንድ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ እግሩን አንድ በአንድ እያስቀደመ ዞረው። ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ።

«የነዳጁን ሰልባትዮ አየሽ? ከፊት ለፊት የነበረውን ወደ መሀል አወረዱት። የእግር መርገጫውም ወደ ኋላ ሄዷል። እስቲ ፍሪሲዮኑን ጨብጪው።»

ጨበጠችው። በአንድ ጣት የሚሳብ ነበር። የአሮጌው ሞተር ፍሪሲዮን ከሺፍት በኋላ አውራ ጣቷን ያሳምማት ነበር።

ቡቱን፣ የጉልበት መከላከያውን፣ ሄልሜቱን አደረገች። ሞተሩን በእግሯ መታ አስነሳችው፤ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው። መርገጫው ላይ ስትቆም ግን ሰውነቷ ግራ ተጋባ። ሰው ቤት ገብቶ ጨው የሚፈልግ ሰው ይመስል፣ ጉልበቷ በለመደው ቦታ ሞተሩን ፈልጎ አጣው። መሪው ቀርቧታል። ፍሬኑ ከጠበቀችው ቀድሞ ያዘ። መጀመሪያ የተደረደሩት ጠጠሮች ላይ ብቻ ሦስት ጊዜ እግሯን አወረደች።

«ጉልበትሽን እጠፊ!» ጮኸ ነቢዩ። «ዓይንሽን አርቂ! አርቀሽ እይ እንጂ ውቤ! ፍሪሲዮን!»

ዞራ ተመለሰችና ሄልሜቱን አወለቀች።

«እህስ?» አለ፣ እስክሪብቶውን ይዞ።

«እንጃ።»

«ምኑ እንጃ? ፊቱ ይቀላል አይደል?»

«ይቀል ይሆናል። እንጃ ነቢዩ፣ ገና አልለመድኩትም።»

ነቢዩ አቀርቅሮ ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ጻፈ። እሷ ውኃ ጠጥታ ስትጨርስም እየጻፈ ነበር። በትከሻው በኩል አየችው፤ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። የሞተሩ ፊት ቀሏል ይላል። ኤንጅኑ ከታች ጀምሮ ቁጡ ነው ይላል። ልምድ ያለው ነጂ በአምስት ደቂቃ ይዋሐደዋል ይላል።

«ይኼን ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ እንጃ ነው ያልኩህ።»

«እያየሁሽ አይደል? ደግሞ ኤንጅኑን አውቀዋለሁ፣ ስንት ወር ሳነበው ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ እኔን ለምን ቀሰቀስከኝ?»

ነቢዩ ቀና ብሎ አያት። እሷ ጓንቷን ሄልሜቱ ውስጥ ጥላ ወደ ፒክአፑ ሄደች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም አለችና ዓይኗን ጨፈነች። የመኪናው ውስጥ ሞቅ ያለ ነበር። ነፋሱ ውጭ ሲያፏጭ ይሰማታል። ሦስት ደቂቃ ይሁን አሥር አታውቅም፣ እሌኒ ስትጮህ ብትት ብላ ተነሳች።

ነቢዩ መሬት ላይ ነበር፤ ሞተሩ ደግሞ ግማሽ እግሩ ላይ። እሌኒ ሞተሩን እየጎተተች «ጋሽ ነቢዩ፣ ሶሪ፣ ሶሪ» ትላለች።

«እሱን አትንኪው፣ ሞተሩን ብቻ አንሺ» አለች ውብነሽ እየሮጠች። አጠገቡ ተንበረከከች። አንገቱን ዳሰሰች፣ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ፣ እጇን እንዲጨብጥ አደረገችው። የእጁ መዳፍ ተልጧል። ሌላ ነገር የለም። በብብቱ ስር እጆቿን አስገባች፣ ጉልበቷን አጠፈች።

«ዋን፣ ቱ፣ ስሪ።»

ቆመ። ከቆመ በኋላም ክንዱን አልለቀቀችውም።

«እንደ ሥራ ቦታሽ አታንሺኝ» አለ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

«ሌላ አነሳስ አላውቅም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ስድስት ቀን ሰው ሳነሳ ነው የሰነበትኩት። አልጋ ላይ ሳነሳ፣ ከሽንት ቤት ሳነሳ፣ ከወደቁበት ሳነሳ። ዛሬ ደግሞ መጥቼ አንተን አነሳሁ።»

እሌኒ የተጣመመውን የፍሪሲዮን እጀታ ለማቃናት መፍቻ ፍለጋ ወደ ፒክአፑ ሄደች፤ መፍቻው ኪሷ ውስጥ እንደነበር ውብነሽ አይታለች። ባልና ሚስቱ ለውድድር የተደረደረ ወፍራም ግንድ ላይ ተቀመጡ። ውብነሽ በቀኙ ሆነች። መዳፉን በውኃ አጠበችለት።

«ሳላስነሳው ነው» አለ ነቢዩ። «እሌኒን ያዢልኝ ብያት፣ ዝም ብዬ ልቁምበት ነበር። አንድ ጊዜ ከእግሬ ስር ምን እንደሚመስል ልወቅ ብዬ።»

«እሺ።»

«ያንን ኮረኮንች ስታልፊ ቀናሁ፤ እግርሽን እያወረድሽም እንኳ ቀናሁብሽ። ሰው በሚስቱ ይቀናል?»

ውብነሽ ነፋሱ ወደሚመጣበት፣ በስተምዕራብ ወዳሉት ተራሮች አየች። መልስ ፈልጋ ሳይሆን ራሷን ለማሳረፍ ነው።

«እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «መምጣት አልፈለግኩም ነበር። መተኛት ነበር የፈለግኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለመናገርም እኮ ጉልበት ይፈልጋል። እሺ ማለት ይቀላል። ዓመቱን ሙሉ እሺ ስል ነው የከረምኩት፤ ሆስፒታል ስትሆን፣ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ሥራ ሲጠሩኝ። ይኼ ደግሞ አንተን ደስ የሚልህ ነገር ነው፣ እንዴት እምቢ ልበል?»

ነቢዩ የተላጠውን እጁን አየ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ውቤ» አለ። «እንሂድና ተኚ። ለክለቡ ዘንድሮ አይመቸኝም ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ይንዳው።»

ደብተሩን ዘጋው። የጻፈበትን ገጽ ቀድዶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

የሚገርመው፣ ሂጂ ስትባል መሄድ አላሰኛትም። ድካሙ እዚያው ነው፤ ወገቧም እንደዚያው ነው። ግን ቅድም ስትመለስ፣ ያ ሞተር መታጠፊያው ላይ አንድ ነገር አድርጎ ነበር። ምን እንደሆነ ገና አልገባትም። እሌኒ አቃንታ ወዳቆመችው ሞተር አየች።

«አንዴ ልንዳው» አለች። «አንተ ግን እንዳትጮህብኝ።»

«አልጮህም።»

«ጉልበትሽን እጠፊ እንዳትለኝ።»

«ምንም አልልም።»

ሄልሜቷን አደረገች። በዚህኛው ጊዜ ልምዷን ለማስታወስ አልሞከረችም፤ ለመሞከርም አቅሙ አልነበራትም። እግሯን መርገጫው ላይ አሳርፋ፣ ክንዷን ለቀቅ አድርጋ ሞተሩ እንደፈለገ እንዲያቆማት ተወችው። ኮረኮንቹን አለፈች። ግንዱን ወጥታ ወረደች፤ እዚያ ላይ አንዴ እግሯን አስነካች። ቀጥሎ ያለው እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በአሮጌው ሞተር ስትወጣው ሁልጊዜ መሪውን ጎትታ፣ ወገቧን ሰብራ፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር። አሁን ነዳጅ ሰጠችው፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፣ ለማንሳት እጇን ስታዘጋጅ ፊተኛው ጎማ ቀድሟት ተነስቷል። ኋላውም ተከተለ። ላይ ሆና ቆመች። እግሯ መሬት አልነካም። ለትንሽ ጊዜ፣ ሁለት ትንፋሽ ለሚሆን፣ ሞተሩም እሷም ዝም ብለው ቆሙ።

ከወረደች በኋላ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ግን ድካሙ መጣና የነዳጅ መስጫውን ሳታስበው ጠመዘዘችው፤ ሞተሩ ተፈተለከባት፣ ከጎኑ ዘላ ወረደች። አጠፋችው፣ ገፍታ አመጣችው።

ነቢዩ ቃሉን ጠብቆ ዝም ብሎ ተቀምጧል። በቀኙ መጥታ ተቀመጠች።

«ጻፍ» አለች።

ደብተሩን ገለጠ።

«እኔ የምሠራበት ቤት ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ ትንሽ ሴትዮ ናት፤ ሃምሳ ኪሎም አትሞላ። ስታነሳት ግን ሁለንተናዋን ጥላብህ ነው የምትነሳው፤ እንደ ጆንያ። እሷን አንስቼ ቀኑን ሙሉ ወገቤን ያመኛል። ሌላው ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ። አንድ እግሩ አይሠራም። ግን ሳነሳው በዚያች ባልሞተችው እግሩ መሬቱን ይገፋል። ያግዘኛል። እሱን ሳነሳ አይደክመኝም። አሮጌው ሞተር ሴትዮዋ ነው። ይኼ ሰውዬው ነው። ቀላል ስለሆነ አይደለም። ልታነሳው ስትል አብሮህ ስለሚነሳ ነው።»

ነቢዩ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። ያለችውን እንዳለችው፣ በአማርኛ፣ ቃል በቃል ጻፈው። ጨርሶ ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ ነፋስ ነው ብሎ ጠረገው።

«ሌላስ?»

«ድንጋዩ ላይ ስትቆም ያቆምሃል። አይጣደፍም። ኋላ ፍሬኑ ግን ለኔ ቡት በጣም ቀርቧል፤ ሳላስበው እረግጠዋለሁ። ደግሞ ሲደክምህ አይታገስህም። አሮጌው ዝንጉ ስሆን ዝም ይለኝ ነበር። ይኼኛው እጅህ ትንሽ ከተሳሳተ ይዞህ ይነጉዳል። የደከመው ሰው ጠዋት ይንዳው፤ ከሰዓት በኋላ አይንዳው።»

ነቢዩ እስክሪብቶውን አቆመና ወደ እሌኒ ዞረ፤ ቀስ ብሎ ነው የዞረው። «የሱቁ ሰዎች ይኼን ይወዱታል?»

«አይወዱትም» አለች እሌኒ። «ይጻፉት ጋሽ ነቢዩ። እኔም ማክሰኞ ቴስት ሳደርገው እንደዛው ነው ያደረገኝ። የነዳጁን ማስተካከያ ትንሽ ብንቀንሰው ይሻላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

በመንገድ ላይ ውብነሽ ተኛች። ቤት ሲደርሱ ቀስቅሰው ያወረዷት ሁለቱም ናቸው።

ያን ሳምንት ነቢዩ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጃቸው ለናሆሚ ግራመሩን እንድታይለት ሰጣት። ናሆሚ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ አነበበችው።

«አባ፣ ይሄ ላይክ… እማ ስታወራ ነው እኮ የሚመስለው» አለች። «ኮማ ብቻ ነው የማስገባው። ኖ፣ ሲሪየስሊ። አትንካው።»

ጋዜጣው ወር ሳይሞላ ወጣ። ከላይ «በውብነሽ የተነዳ፣ በነቢዩ የተጻፈ» ይላል። ከአባላቱ አንዲት ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ደብዳቤ ጻፈች፤ በወገቧ ምክንያት ትታው እንደነበር፣ አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ልትሞክረው እንዳሰበች። የክለቡ ሊቀ መንበር ደግሞ ለነቢዩ ደወለ። ውድድር ሲኖር በየመሰናክሉ ቆሞ እግር መሬት የነካበትን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው ጥሩ ዓይንና ስፖርቱን ማወቅ ነው የሚጠይቀው፤ ወንበር ይዞ መቀመጥም ይቻላል አለው።

ነቢዩ ሁለት ቀን ሳይመልስለት ቆየ።

«ሌሎቹ ሲነዱ ተቀምጬ ልመልከት?» አላት ለውብነሽ፣ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ። «እሱን እችለዋለሁ ብለሽ ነው?»

«አላውቅም» አለች። «ሞክረው። ካልቻልክ ትተወዋለህ።»

«አንቺ ትመጫለሽ?»

ውብነሽ የያዘችውን አንሶላ አስቀመጠች። እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልመጣም» አለች። «አንዳንድ ቅዳሜ፣ ደስ ሲለኝ፣ መጥቼ እነዳለሁ። ለጋዜጣ አይደለም። በዚህ ቅዳሜ ግን አልመጣም።»

«ጥሩ» አለ ነቢዩ። ቅር ብሎት ነበር፤ አልደበቀውም፤ ግን ሊያግባባት አልሞከረም።

ቅዳሜ እሌኒ መጥታ ወሰደችው። ተጣጣፊ ወንበር፣ ኮፍያ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይዞ ሄደ። ውብነሽ በሩ ሲዘጋ ነቃች፤ ትራሱን ገልብጣ መልሳ ተኛች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተነስታ፣ ከፍሪጅ የትናንቱን ፓስታ አውጥታ ሳታሞቅ ቆማ በላች፤ ስልኳን አየች፤ ማንም ሥራ አልጠራትም። ሹካዋን ሳታጥብ ትታ ወደ አልጋዋ ተመለሰች።